ብሩ ሲጠቁር

የአዳነ አፍ በድኝ ተሞልቶ ነበር። ቢጫው ዱቄት በአውራ ጣት ተጠቅጥቆ፣ ከደሙ ጋር ተቦክቶ አገጩ ላይ ደርቋል። ጭንቅላቱን የፈለጠው ዘነዘና ከትከሻው አጠገብ ወድቋል። ያው መድኃኒቱን ሲወቅጥበት የኖረው ዘነዘና ነው።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ለገሰ ቁጢጥ ብሎ ቆጠረ። አምስት ምት። የመጀመሪያው ገድሎታል፤ የቀሩት አራቱ የንዴት ናቸው።

«ሕፃናቱን ከአጥሩ አርቁልኝ» አለ ቀና ሳይል።

የሰፈሩ ሰው ሬሳውን እያየ የገዛ ልጁን ረስቶ ነበር። አምስት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። የእናቷ ዓይን የት እንደነበረ እንጃ።

ሚያዝያ 1980 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ነገሌ ቦረና። ሟቹ አዳነ በጦሩ ውስጥ የቁስለኛ ረዳት ሆኖ አገልግሎ በአስር አለቃነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አንድ ልጅ ነበረው፤ እሱም ሰሜን ግንባር ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ አዳነ ድኝ እየወቀጠ፣ በማር ውሃ እየበጠበጠ ለቁርጥማት ይሰጥ ነበር። በሽተኞቹ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ይደረደራሉ፤ እሱ በየብርጭቆው እየቀዳ ያድላቸዋል። ጉልበት ያፍታታል፣ ደም ያጥባል፣ መርዝ ያወጣል እያለ። የከተማው ግማሽ ያመሰግነዋል፤ ግማሹ ይረግመዋል።

ሚስቱ አስቻለች ማክሰኞ ወደ ወደራ፣ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ጎረቤት ያለችው ሴት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሙቀጫውን ድምፅ ስትሰማ ቆይታ አሥር ሰዓት ላይ ተቋረጠ አለች። የመጨረሻዎቹን ምቶች የድኝ ውቀጣ መስለዋት ነበር። ይህን ስትናገር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

«ጌታዬ፣ ወደ ጓሮ ይምጡ» አለ ሃምሳ አለቃ ጃታኒ። ጃታኒ የአገሩ ልጅ ነው፤ ዱካ አይስተውም።

ጓሮው በደረት ልክ በድንጋይ ተክቧል። ከካቡ በላይ እሾህ ተደርቦበታል።

«ገዳዩ ከቤት ወጥቶ ሮጠ። እዚህ ጋ ተነሣ፤ ማዶ አረፈ። እሾኹን አልነካም።»

«ጫማው?»

«በረባሶ። ነገሌ ውስጥ በረባሶ የሌለው ማን አለ? ግን ዝላዩን ይዩልኝ። እኔ በሃያ ዓመቴ ይህን አልዘልም።»

«አሁንስ?»

«አሁን በር አለ፣ ጌታዬ።»

ለገሰ ወደ በረንዳው ተመለሰ። ጉንዳኖች ከደረጃው ተነሥተው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ ወደ አግዳሚው መጨረሻ ተሰልፈዋል። ተከተላቸው። ጥጉ ላይ፣ ከወንበሩ ኋላ፣ ድርብርብ የሆነ ቢጫ ቅርፊት አለ። በጥፍሩ ፋቀው። ከላይ ድኝ ይሸታል፤ ከሥሩ ማር።

«የአንድ ቀን አይደለም» አለ። «እዚህ የሚቀመጥ ሰው መድኃኒቱን እየደፋ ነበር።»

«እኔም ብሆን እደፋዋለሁ» አለ ጃታኒ አፍንጫውን ይዞ።

ያኔ ከመንገድ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሰባት ስምንት ወታደሮች አንድ ሰው መሬት ለመሬት እየጎተቱ ገቡ። ቦሩ ነው፤ ግመል አርቢው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ሁለቱም መዳፎቹ ቢጫ ናቸው።

«እጁን እዩት» አለ አንዱ ወታደር። «ትናንት ገበያ መሀል ምን እንዳለ ደግሞ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ይህን ድኝ አንተኑ አበላሃለሁ ነው ያለው።»

ከኋላቸው ሻምበል ባሻ ብርሃኔ ከዘራ ተደግፎ፣ ቀኝ እግሩን እየሳበ ደረሰ። ብርሃኔ ከአዳነ በሽተኞች አንዱ ነው። በጉልበቱ ምክንያት ጓደኞቹ ወደ ሰሜን ሲዘምቱ እሱ በካምፑ ግምጃ ቤት ተመድቦ ቀርቷል። ዓይኑ በእንባ ቀልቷል።

«አባቴ ነበር፣ መቶ አለቃ» አለ። «በእነዚህ እግሮቼ አቁሞ ከአልጋ ያነሣኝ እሱ ነው። ይህን ሰው ለእኛ ይስጡን።»

«ልስጣችሁና?»

«እናናግረዋለን።»

«አናግራችሁታል። ክንዱን እያየሁት ነው።»

አንዱ ወታደር ዘሎ የቦሩን ጎን በከስክስ ጫማው መታው። የጎድኑ መሰበር ለሁሉም ተሰማ። ለገሰ ሽጉጡን አወጣ። አልጮኸም፤ አፈሙዙን ብቻ በወታደሩ ደረት ላይ አሳረፈው።

«ቀጣዩን በእኔ ሞክረው» አለ።

ወታደሮቹ ወደ ኋላ አሉ። ጃታኒ ከቦሩ ፊት ተንበረከከ።

«አካም፣ ቦሩ?»

«ናጋ» አለ ቦሩ ደም እየተፋ። ሰላም ነው ማለቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ መልስ አያውቅም።

ጣቢያው ውስጥ ክንዱን በእንጨት እያሰሩለት፣ እሱ በኦሮሚፋ ሲናገር ጃታኒ እየተረጎመ ቃሉን ሰጠ። እናቱ አራት ወር የአዳነን ድኝ ጠጥታ ሞታለች። ገበያ ላይ የዛተው እውነት ነው። ነገር ግን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጫካ ውስጥ ሆኖ እከክ የያዛቸውን ግመሎቹን ድኝና ስብ ሲቀባ ነበር። ድኙን የገዛው ከከሊፋ ሱቅ ነው።

«ከሊፋ መሸጡን አምኗል» አለ ጃታኒ። «ጫካ ውስጥ መዋሉን ግን ያየው የለም። ከግመሎቹ በቀር።»

በቦሩ ግራ እጅ ላይ ከሰል የመሰለ የብር አምባር አለ። ለገሰ ሊያየው እጁን ሲዘረጋ ቦሩ በተሰበረው ክንዱ ሸፈነው፤ ሕመሙ እስኪያስጮኸው ድረስ። «የእናቱ ነው» አለ ጃታኒ።

ከምሳ በፊት የካምፑ ሻለቃ ደወለ።

«ሟቹ የእኛ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት መኪና እልካለሁ። እስረኛውን ታስረክባለህ።»

«ምርመራው አላለቀም፣ ጌታዬ።»

«እስከ ቅዳሜ ጨርሰው።»

ባለፈው ወር አንድ የተልተሌ ሰው በዚያች መኪና ተወስዶ ነበር። ሚስቱ እስከዛሬ ምግብ ይዛ ከካምፑ በር ትቆማለች። ለገሰ ስልኩን ዘግቶ ወጣ።

*

ነርሷ ሀረገወይን በሚሲዮኑ ክሊኒክ ጓንቷን እያወለቀች ተቀበለችው።

«ሲስተር፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ አዳነን የገዛ ዱቄቱን አፉ ውስጥ መጠቅጠቅ ነበር ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ። ሃያ ሰው ሰምቷል።»

«እንዳሉትም ሆኗል።»

ፊቷ ገረጣ፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም። «የቦሩን እናት በቃሬዛ አምጥተዋት፣ ደም እያስመለሰች እጄ ላይ ነው የሞተችው። ድኙ ይግደላት፣ ወይስ ድኙን አምና ከሐኪም መቅረቷ ይግደላት እስከዛሬ አላውቅም። ተናድጄ ነበር።»

«ረቡዕ አሥር ሰዓት የት ነበሩ?»

«መንታ ሳዋልድ። ያው ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ገብተው ይጠይቋቸው።»

ገብቶ እናታቸውን ጠየቀ። እውነት ነው። ሲወጣ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«የቦሩ እናት አምባር ለምን ጠቆረ?»

«የአዳነ ሕግ ነው። መድኃኒቱን የሚጠጣ ሁሉ ብር ማድረግ አለበት። ብሩ ሲጠቁር መርዝህ ወጣ ይላቸዋል። ብር የሌለው በክር የታሰረች ቁራጭ ከሱ ይወስዳል።»

«ማታለያ ነው?»

«አዳነ ራሱ ያምንበት ነበር። ግን ድኝ የሚጠጣ ሰው ላቡም ድኝ ድኝ ይላል፤ ብር ደግሞ ድኝ ሲነካው ይጠቁራል። ድኝ ጠጥቷል ማለት ነው እንጂ መርዝ ወጥቷል ማለት አይደለም።»

*

የለገሰ እናት እማማ እናትነሽ ገና በሩን ሲገፋ ጀመሩ።

«ምሳ አልበላህም፤ ፊትህን አየሁት። ደግሞ በወታደር ላይ ሽጉጥ መዘዘ አሉኝ። እኔን ለማን ጥለህ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ያልነገረኝ ማን አለ።»

ለጉልበታቸው እሳቸውም የአዳነን ድኝ ይጠጣሉ፤ ልጃቸው ስንቴ ተቆጥቷቸዋል። አንገታቸው ላይ ያለው የብር መስቀል ጠቁሯል።

«እማዬ፣ አግዳሚው ጥግ ማን ነው የሚቀመጠው?»

«የኛ የሴቶቹ ቀን ሌላ፣ የወንዶቹ ቀን ሌላ። እኔ ምን አውቄ። ግን አዳነ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ ብራችንን ነበር የሚያየው። አንዷ ብሩ ካልጠቆረላት ደፋሽው ብሎ ይቆጣታል። አሁን ማን ሊቆጣኝ ነው?» መስቀሉን በጣታቸው አሹት። «ለትንሣኤ ላስነጣው ብዬ አንድ ቁና አመድ ጨረስኩበት። እምቢ አለኝ።»

ማታ ከመድረሱ በፊት አስቻለች ከወደራ ገባች። ድምፅዋ በልቅሶ ጠፍቷል። ለገሰ ከጎረቤቶቿ ለየት አድርጎ አነጋገራት።

«ማክሰኞ ስሄድ ተናዶ ነበር» አለች። «አንዱ ሰው ሊያዋርደኝ ነው፤ ስድስት ወር አጠጥቼው ብሩ እንደ ወተት ነጭ ነው አለኝ። ማን ነው ብለው አልነግርሽም አለ። ዓርብ ቦርዱ ሲጠራኝ እዚያው እነግራቸዋለሁ አለ።»

«የትኛው ቦርድ?»

«የካምፑ የሐኪሞች ቦርድ። ማን ይዝመት፣ ማን ይቅር የሚለው። በሽተኞቹ ወታደሮች እውነት መታከማቸውን ይጠይቁታል።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ልጄ የሄደው እንዲህ ባለው ሰው ቦታ ነው እያለ ሲንቆራጠጥ ትቼው ሄድኩ። ምነው ባልሄድኩ።»

ለገሰና ጃታኒ በጨለማው ወደ ጣቢያው ተመለሱ።

«ወታደር ነው» አለ ለገሰ። «ያልታመመ ወታደር። መድኃኒቱን እየደፋ፣ ሕመምተኛ መስሎ የኖረ። አዳነ በብሩ ያዘው።»

«ቦርዱ ፊት የሚቀርቡ የአዳነ በሽተኞች አራት ናቸው።»

«ነገ ቀብር ላይ አራቱም ይመጣሉ። ነጭ ብር ያለውን እንፈልጋለን።»

*

ዓርብ ቀብሩ ላይ ከተማው በሙሉ ወጣ። ቦርዱም ለቀብሩ ሲባል ስብሰባውን አስተላለፈ። ጃታኒ በአንድ በኩል፣ ለገሰ በሌላው፣ ሬሳውን ትተው እጅ እጅ ሲያዩ ዋሉ።

የመጀመሪያው ወታደር የእጅ ሰንሰለቱ ጠቁሯል። የሁለተኛው በክር የታሰረች ቁራጭ ብሩ ጠቁራለች። የሦስተኛውም እንዲሁ። ብርሃኔ የሬሳ ሳጥኑን ሊሸከም ሞክሮ፣ ጉልበቱ ከድቶት ወደቀ፤ ሰዎች ደግፈው አነሡት። ከዘራውን የጨበጠበት ጣት ላይ ያለው የብር ቀለበት እንደ ተወለወለ ጫማ አፍንጫ ጥቁር ብሎ ያበራል።

«አራቱም ጠጥተዋል» አለ ጃታኒ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተሳስተናል፣ ጌታዬ።»

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሊደርስ አሥራ ስምንት ሰዓት ቀርቶታል። ጠዋት ቦሩ በቀኝ እጁ ጣቶች ውሃ መያዝ አቅቶት ብርጭቆውን ሲጥል አይቶታል።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው በአዳነ ግቢ ወደ ተተከለው ድንኳን ገባ። እማማ እናትነሽ፣ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ብለው፣ ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው ሰውን እጅ ያስታጥባሉ። ጉልበታቸውን እያቃሰቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳሉ። ሳሙናውን አንዷ ሴት ትይዝላቸዋለች። ንፍሮው ይጠብቃል።

ብርሃኔ ጋ ደረሱ። ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እጁን ዘረጋ።

«እሽት አድርገህ ታጠብ፣ ልጄ» አሉት። «አፈር ነክተሃል፤ ሬሳ ነክተሃል። ሳሙናውን ጨምር።»

ብርሃኔ እጁን ሊሰበስብ አለ። እሳቸው በግራ እጃቸው አንጓውን ይዘው ውሃውን ለቀቁት፤ የራሳቸውን ልጅ እንደሚያጥቡ በአውራ ጣታቸው አሹለት። ሳህኑ ላይ የወደቀው ውሃ ጠቆረ።

«አየህ ምን ያህል ቆሻሻ እንደነበረብህ» አሉና ቀለበቱን አዩት። «ያንተ ለቀቀ እኮ። የኔን መስቀል በአመድ ስፈትገው ከርሜ እምቢ ያለኝን፣ ያንተ በሳሙና ብቻ ለቀቀ? በምን ብታጠቁረው ነው?»

ከብርሃኔ አጠገብ ተራውን የሚጠብቀው ለገሰ ነበር። ቀለበቱን አየ። ከአረፋው መሀል ነጭ ብሎ ወጥቷል። ከውሃው የሚሸተው ድኝ አይደለም፤ የወታደር ጫማ ቀለም ነው።

ዓይናቸው ተገናኘ።

ብርሃኔ ከዘራውን አነሣ። የመጀመሪያው ምት ለእማማ እናትነሽ ነበር። ጃታኒ መሀል ገብቶ በመንጋጋው ተቀበለው፤ ሁለት ጥርሱ ንፍሮው ላይ ተበተነ። ሁለተኛው የለገሰን ትከሻ አገኘው። ማንቆርቆሪያው ተገለበጠ፤ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ብርሃኔ አሮጊቷን በደረታቸው ገፍቶ ጥሎ ከድንኳኑ ወጣ።

ሮጠም። ቅድም ሳጥን ስር የወደቀው ሰው፣ ስድስት ወር እግሩን ሲስብ ያየው ከተማ እያየው፣ ጓሮውን አቋርጦ ያንኑ ካብ እሾኹን ሳይነካ ዘለለው። ጓደኞቹ ወታደሮች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ለገሰ በግራ እጁ በካቡ ላይ ተደግፎ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ፣ አንድ ወደ ብርሃኔ ተኮሰ። ብርሃኔ ጭኑን ይዞ ተንከባለለ። ቀድመው የደረሱበት ፖሊሶቹ አልነበሩም። ትናንት ቦሩን የጎተቱት ወታደሮች ናቸው፤ ለገሰ ከመሀላቸው እስኪያወጣው ድረስ በከስክስ ጫማቸው ፊቱን ሰው እንዳይለየው አደረጉት። «ወንድሜ በአንተ ቦታ ነው የሄደው» እያለ አንዱ እያለቀሰ ይመታው ነበር።

«እናቴን እዩልኝ» አለ ለገሰ መጀመሪያ። እማማ እናትነሽ ተቀምጠው ለጃታኒ አፍ ነጠላቸውን እየቀደዱ ነው።

*

ብርሃኔ ማታውኑ ተናገረ። ጭኑ ታስሯል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ታሞ የታከመ ነው የሚቀረው። ለመታከሜ ምስክር ያስፈልገኝ ነበር» አለ። «ያንን የሚሸት ነገር ግን አልጠጣም አልኩ። ከጀርባዬ እየደፋሁ ኖርኩ።»

«ረቡዕስ?»

«ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። መውቀጡን ሳያቆም፣ ልጄም ጉልበት ነበረው አለኝ። ዓርብ ስትዘል አሳያቸዋለሁ አለኝ።» እጁን አየ። «ዘነዘናውን ከእጁ ስቀማው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።»

«አፉን ስትሞላውስ?»

ብርሃኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ፣ «የዚያኑ ቀን ጠዋት ገበያ ላይ ቦሩ ሲዝት ሰምቼ ነበር» አለ።

«እና ሰዎቹን ይዘህ ሄደህ ክንዱን ሰበራችሁት።»

«እኔ አልመታሁትም። እግሬ ያመኛል ብያቸው ቆሜ ነበር።»

ለገሰ ወረቀቱን ወደሱ ገፋለት። «ፈርም።»

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋ መጣች። ሹፌሩ የተፈረመውን ቃል ግልባጭ ለሻለቃው ይዞ፣ ያለ እስረኛ ተመለሰ።

ቦሩ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሯል። ሀረገወይን አጥንቱ ቀጥ ብሎ አይገጥምም ብላለች፤ ግመል መሳብ ይቅርና ገመድ ለማሰርም ይቸግረዋል። እማማ እናትነሽ ወተት ይዘውለት መጡ፤ ብርጭቆውን ራሳቸው ያዙለት። ሲጠጣ አምባሩን አዩት።

«የእናትህ ነው?» አሉት። «አምጣ፣ ልጄ። አመዱ አልበቃ ብሎኝ ነው እንጂ በሎሚም ይሞከራል። አጥቤ ላስነጣልህ።»

ቦሩ አምባሩን ከሸሚዙ እጅጌ ስር አስገባው።

«አይታጠብም፣ እማማ» አለ በሰባራ አማርኛው። «ይህ ላቧ ነው።»

እማማ እናትነሽ የቀረውን ወተት አጠጡት። እሱ ወደ ጫካው መንገድ እስኪታጠፍ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ከመቀነታቸው የወረቀት ጥቅልሉን አወጡ፤ አዳነ ለሳምንቱ የሰጣቸው ድኝ ነው። ሊጥሉት ብለው፣ ልጆች እንዳያገኙት ፈሩ። ከመንገዱ ዳር ወጣ ብለው፣ እያቃሰቱ ተንበርክከው በዱላቸው ጫፍ ጉድጓድ ማሱ። ቀበሩት። በላዩ ድንጋይ ጫኑበት፤ ጥቂት ሄደው ተመልሰው ሁለተኛ ድንጋይ ጨመሩበት።